ላይ የተቀመጠው ቁጥር

አቶ ዘውገ የወረዳው ትምህርት ኃላፊ ሆነው ከተሾሙ ወዲህ በትምህርት ቤቱ መጽሐፉም መምህሩም ቀንሶ የጨመረው ጭብጨባ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ለጉብኝት ገብተው የሒሳብ መምህሩን ወንበር ያዙና ሰሌዳውን ያዩ ጀመር።

መምህሩ አርቢው፣ ማለትም ራስጌው ላይ በትንሹ የሚጻፈው፣ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁጥር ከክፍልፋዩ መስመር በታች አውርዶ፣ ምልክቱን አጥፍቶ ጻፈ።

“ማን አውርደው አለህ?” አሉ ኃላፊው። “እኔ ስማር ላይ ነበር የሚጻፈው። አሁኑኑ መልሰው፤ አለዚያ ነገ እዚህ እንዳላይህ።”

መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ።

“ክቡርነትዎ፣ የመቀነስ ምልክት ይዞ ላይ የተቀመጠ በደንቡ ይወርዳል፤ ሲወርድ ምልክቱ ይለቀዋል። እርስዎ እስካሁን ያልወረዱት ደንቡ ከዚህ ሰሌዳ ስለማያልፍ ነው።”