የታጁራው ትዕይንት

በአንድ ወቅት፣ ባሕር በሌለው አገር ተቀምጣ ባሕር ያለበት ፊልም ልትሠራ የተነሣች ሴት ነበረች። ትርሲት ትባላለች። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ ትምህርት ቤት ቴአትር ታስተምር ነበር። የጻፈችው ታሪክ ረጅም አይደለም። ወንድሙ ወደብ ላይ ሲሠራ ሰጥሞ የቀረበት አንድ ሰው ከሸመገለ በኋላ ወደዚያው ባሕር ይሄዳል፤ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ይገባና የወንድሙን ስም ይጠራል። ከዚያ በፊት ያለው የወጣትነቱ ታሪክ ሁሉ በሌላ ተዋናይ ድሬዳዋ ላይ ተቀርጾ አልቋል። የቀረችው ያቺ ትዕይንት ናት። እሷ ከሌለች ደግሞ ፊልሙ የለም።

«ላንጋኖ ወርደሽ ቅረጪው፤ ውኃ እንደሆነ ውኃ ነው» አሏት ወዳጆቿ።

«ሐይቅ ማዶው ይታያል» አለች። «እኔ የምፈልገው ሰውየው ማዶ የሌለው ነገር ፊት እንዲቆም ነው።»

ስለዚህ ብቻዋን ጅቡቲ ወረደች፤ በጀልባ ተሻግራ የባሕር ዳር ከተማዋ ታጁራ ገባች። ዳርቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሯ ለካችው። ሽማግሌ ሰው ሳይደናቀፍ ርቆ ሊሄድበት የሚችል፣ ውኃው ቀስ እያለ የሚጠልቅበት ቦታ አገኘች። ነፋሱ የሚተኛበትን ወቅት ዓሣ አጥማጆችን ጠየቀች፣ የማለዳው ብርሃን ከየት እንደሚመጣ አየች፣ የሚያርፉበትን ቤት ተነጋገረች፣ ለመቅረጽ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ጠይቃ ተመለሰች። የከተማዋ ቢሮ ሰዎች «ይደርሳል» ብለዋታል።

ሽማግሌውን የሚጫወተው ጋሼ ወንድይፍራው ነው። ዕድሜውን መድረክ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ ንጉሥም ለማኝም ሆኖ ሠርቷል። ከሠራቸው ቴአትሮች ግን አንድም የተቀረጸ የለም፤ መጋረጃው ሲወርድ አብረው ወርደዋል። አሁን ልቡ ደክሟል፣ ሐኪሙም መንገድና ድካም ከልክሎታል።

ያለ ልጁ ያለ አስካለ ቃል ከቤት አይወጣም። አስካለ መጋላ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ መድኃኒቱን በእጇ የምትሰጠው፣ ሲተኛ ትንፋሹን የምታዳምጠው እሷ ናት። ትርሲት ልትጠይቃት ስትመጣ አስካለ ስፌቷን አቆመች።

«ብከለክለው በቁጭት ይሞትብኛል፤ ብፈቅድለት በድካም» አለች። «ባሕር ማየት ይፈልጋል። አብሬው እሄዳለሁ።» ሱቋን ዘግታ የአባቷን ሻንጣ አዘጋጀች።

ካሜራውን የያዘው ነጂብ ነው። ኑሮው ሠርግ መቅረጽ ነው፤ ሠርግ የሚበዛበትን ወር ትቶ መጣ። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የሚመጣውን ሥራ ሁሉ ለምን እንደመለሰ ሲጠየቅ «ሙሽራ ሁልጊዜ አለ» ብቻ ይላል።

አራቱም ታጁራ ደረሱ። ፈቃዱ ግን አልደረሰም። ትርሲት በየማለዳው ቢሮው በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ የቢሮው ኃላፊ በትሕትና ያስገባታል፣ በትሕትና ይሸኛታል። አንድ ቀን ቁርጡን ነገራት፤ ዳርቻው ጥበቃ ያለበት ነው፣ ጉዳዩ የሚታየው ከሙቀቱ ወራት በኋላ ነው። ነፋሱም እየመጣ ነበር። ወደ ቤት ስትመለስ ጋሼ ወንድይፍራው በረንዳው ላይ ተደግፎ፣ ከንፈሩ ደርቆ አየችው። ከሙቀቱ ወራት በኋላ ማን እንደሚኖር ማንም አልነገራትም።

«ዕቃችሁን ሸክፉ» አለች። «እንመለሳለን።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። «ትርሲት ልጄ፣ አንቺ ተመልሰሽ ትመጫለሽ። እኔ ግን አልመጣም።»

ትርሲት አስካለን ተመለከተች። አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች፤ እሺም እምቢም አላለች። ነጂብ «ካሜራው ዝግጁ ነው» አለ።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ» አለች ትርሲት። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ሲነጋ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ጋሼ ወንድይፍራው ጫማውን አወለቀ፤ ለነጂብ በጆሮው አንድ ነገር ነገረውና ወደ ውኃው ገባ። ጉልበቱ ድረስ፣ ወገቡ ድረስ፣ ደረቱ ድረስ። «አድማሱ» ብሎ ተጣራ፤ የታሪኩ ሟች ወንድም ስም ነው። ድምፁ እንደ መድረክ ድምፅ አልነበረም። ቆይቶ ደግሞ «አድማሱ» አለ። ይህ ሁለተኛው ጥሪ ጽሑፉ ላይ የለም። ትርሲት፣ ከጻፍኩት በላይ ሄደ ብላ በልቧ ተደሰተች። ከዚያ ሽማግሌው፣ ሰው ደክሞት ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ቀስ ብሎ ውኃው ውስጥ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የገባት አስካለ ናት። «አባባ» እያለች ከነልብሷ ሮጠች። ነጂብ ካሜራውን አላወረደም። እሷ የአባቷን ጭንቅላት ደረቷ ላይ እስክታደርግ ድረስ አላወረደም።

የዳርቻው ጠባቂዎች መጡ። ትርሲት ፊታቸው ቆመች። «ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ፤ እነሱ የእኔን ቃል ነው የሰሙት» አለች። ይዘዋት ሄዱ። በኋላ ሲለቋት ሁለተኛ ያንን አገር እንዳትረግጥ ተነግሯት በባቡር ተመለሰች።

ነጂብ ካሜራውን ተቀማ። ምስሉ ያለበትን ካርድ ግን ቀድሞ አውጥቶ በሽርጡ እጥፋት ውስጥ ሸሽጎት ነበር። ሲጠይቁት ዝም፣ ሲገፉት ዝም፤ ዲዳ መስሏቸው ተዉት።

አስካለ አባቷን በአንድ በማታውቀው ሰው ፒክአፕ ላይ ጫነች። ክሊኒክ ሳይደርሱ እቅፏ ውስጥ አረፈ። ሬሳውን ወደ አገሩ ለማምጣት አቅሙም መንገዱም አልተገኘም፤ እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተሰብስበው ቀበሩት። አስካለ ድሬዳዋ ተመልሳ ያለ ሬሳ ለቅሶ ተቀመጠች።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ሦስቱም ለዳኝነት የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ተቀመጡ። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ትርሲት ተናገረች፤ «ቃሉ የእኔ ነው፣ ቦታውም የእኔ ነው፣ ጥፋቱንም ተሸክሜያለሁ። ሁለተኛው ጥሪ ላይ እቆርጠዋለሁ። ውድቀቱን ማንም አያይም። ስጡኝና ፊልሙን ልጨርስ፤ አለዚያ ጋሼ ወንድይፍራው በከንቱ ሞተ።»

ነጂብ ተናገረ፤ «ወደ ውኃው ሳይገባ ‹ብወድቅም እንዳታቆም› አለኝ። አደራ ነው። ሳይቆረጥ፣ እንዳለ ይታይ። ያንን ሰው ሕይወቱን ሙሉ መጋረጃ ሲጋርደው ኖሯል።»

«ይህን ሲል ሌላ የሰማ ሰው አለ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«የለም» አለ ነጂብ። ሊምል እጁን ዘረጋ፤ ሽማግሌው መሐላውን አልፈለጉም።

አስካለ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ አባቴን የሰጠኋችሁ ባሕር እንዲያይ ነው። ሲሞት ሰው ትኬት ቆርጦ እንዲያየው አልሰጠሁም። ሌላ የሚንቀሳቀስ ምስል የለውም፤ ያለው ይኸው ብቻ ነው። አላየሁትም፣ አላየውምም። ግን ከእኔ ሌላ ማን ሊያስቀምጠው ይችላል?»

ትርሲትን ያን ማለዳ በልቧ የተደሰተችበት ቅጽበት አልለቅ ብሏት ነበር። ደግሞም ይህን ሁሉ ይዛ፣ ካርዱን አሁንም ትፈልገዋለች።

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። አንዱ ለአባት የምትቀርበው ልጁ ናት አሉ። ሌላው የሙት ቃል ይበልጣል አሉ። ሦስተኛው ያልተጠናቀቀ ሥራ ለሟች ሁለተኛ ሞት ነው አሉ። ሳይስማሙ ተነሡ። ካርዱ አንደኛው ሽማግሌ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

ነጂብ ወደ ሠርጉ ተመለሰ። አስካለ ሱቋን ከፍታለች፤ ትርሲት በበሩ ስታልፍ ከስፌት መኪናዋ ቀና አትልም። ፊልሙ መጨረሻ አጥቶ ቆሟል፣ ወደዚያ ዳርቻ የሚመልስ መንገድም የለም። ነጂብ እንደሚለው፣ ካርድ በድሬዳዋ ሙቀት ሣጥን ውስጥ ሳይበላሽ ብዙ ዘመን አይቆይም፤ ፍርዱ ከዘገየ የሚፈረድበት ነገር አይኖርም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዷ ባታልመው ሽማግሌው ባሕሩ ፊት አይቆምም ነበር፤ አንዷ ባትፈቅድ ከቤቱ አይወጣም ነበር፤ አንዱ ካሜራውን ቢያወርድ የምንከራከርበት አይኖርም ነበር። ሣጥኑ ቢከፈት፣ ያ ካርድ ለማን ይገባል?