የቢያድግልኝ ሰንጢና የጓዴ በሬ

በእኛ አገር ገበያ ያ ሁሉን ያጨቀ ሰንጢ፣ ቢላውም መቀሱም ቆርቆሮ መክፈቻውም በአንድ እጀታ ውስጥ ተጣጥፎ የተኛበት፣ እንደ ልብ አይሸጥም። ነጋዴው ቢምል ቢገዘት ሽማግሌዎቹ አገላብጠው ያዩትና ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው «ይቅርብን» ብለው ያልፋሉ። አንዱ ታዲያ ዞር ብሎ አንዲት ተረት ጣል ያደርጋል፤ የቀሩት ይስቃሉ፤ ነጋዴው ደግሞ በእሱ የሳቁ እየመሰለው ይናደዳል። ምስኪን! የሚስቁት በእሱ አይደለም፣ በቢያድግልኝ ነው። ተረቷን ዛሬ ሁሉም ይተርታታል፤ ከየት እንደመጣች ግን የሚያውቀው እያነሰ ሄዷል። እኔ ደግሞ ያወቅሁትን በሆዴ ይዤ መተኛት አልችልም።

ቢያድግልኝ መልካም ገበሬ ነበር፤ እውነቱን እንናገር። ሰነፍ ነበር የሚል ካለ ይዋሻል። አንድ ድካም ብቻ ነበረበት፤ አዲስ ዕቃ ካየ ልቡ አይቆምለትም። ተጭነው የሚከፍቱት ጃንጥላ አገሩ የገባ ጊዜ በበቅሎ ላይ እንደተቀመጠ ጧ አድርጎ ከፈተውና በቅሎዋ ደንብራ እሱን ከእነ ጃንጥላው ቁልቋል ላይ ጥላው ሄደች። ከቁልቋሉ ሲያወጡት እንኳ «ግን አከፋፈቱን አያችሁ?» ነበር ያለው።

ይህ ሰው ቡሬ የሚባል አንድ በሬ ነበረው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ ጎረቤቱ ጓዴ፣ እሱም ወይኖ የሚባል አንድ በሬ ብቻ ያለው፣ ከእሱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ነበር። ሁለቱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። የመቀናጆ ሕግ አጭር ናት፤ ተራው የደረሰው ሰው ሁለቱንም በሬ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። የሰው በሬ በእጁ ተጎዳ ማለት መቀናጆው ፈረሰ ማለት ነው። ዘር በሚዘራበት ሰሞን መቀናጆው የፈረሰበት ሰው ደግሞ ወዮለት! ማን አምኖ በሬውን ይሰጠዋል? መሬቱን ምርቱን ለሚካፈል እኩል አራሽ ሰጥቶ የገዛ እሸቱን በሩቁ ማየት ነው።

እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን ቢያድግልኝ ማጭዱን፣ የአባቱን ካራና የሚስቱን የአንጓችን የጓዳ ቢላዋ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ ሊያስስል ወደ ባለሙያ ይሄዳል። መንገድ ላይ ሸቀጡን በደረቱ ያነገተ አንድ ሱቅ በደረቴ አገኘው።

«ጋሼ፣ የያዙት ምንድን ነው?»

«የሚሳል ብረት ነው።»

«ይህን ሁሉ ተሸክመው? ውይ ያሳዝናሉ!» አለና ከኪሱ ያን ሰንጢ አውጥቶ በዓይኑ ፊት ይዘረግፍለት ጀመር። ቢላው ወጣ። መቀሱ ወጣ። መጋዙ፣ ሞረዱ፣ ቆርቆሮ መክፈቻው፣ እሾህ የሚነቀልበት ወረንጦ ሳይቀር ወጣ። በመጨረሻ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ሹል ሽቦ ብቅ አለ።

«ይኸኛውስ ለምንድን ነው?» አለ ቢያድግልኝ ትንፋሹን ይዞ።

«እሱ ለልዩ ጉዳይ ነው» አለ ሱቅ በደረቴው፤ ራሱም አያውቀውም። «አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ ጋሼ። ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው፤ የአንዱን ሥራ በሌላው ከሠሩ ይሰበራል። አንዱን ሳያጥፉም ሌላውን እንዳይከፍቱ።»

ብረት በብረት ተለወጠ። ሱቅ በደረቴው ማጭዱንና ካራውን ከእነ ቢላዋው ታቅፎ ቶሎ ቶሎ እያለ ሄደ፤ የኛ ሰው ደግሞ እግሩ መሬት ሳይነካ ቤቱ ገባ።

«ማጭዱ ተሳለ?» አለች አንጓች።

«ይኸውልሽ» ብሎ ሰንጢውን አሳያት።

«ካራውስ?»

«እሱም እዚሁ ነው።»

«ቢላዋዬስ?»

«አንጓቼ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው!»

አንጓች ሰንጢውን አየችው፤ ባሏን አየችው፤ እንደገና ሰንጢውን አየችው። «እኔንስ መቼ ነው የምታስገባኝ?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን በዚያች የትንሽ ጣት በምታክል ቢላ ሽንኩርት ልከትፍ ብላ ሽንኩርቱ ካስለቀሳት ይልቅ ሰንጢው አስለቀሳት። በማግስቱ ከጓዴ ሚስት ማጭድ ተዋሰች፤ ሳር ማጨድ አይቀርማ።

የሰው ሐቅ አይበላምና ሰንጢው ጥቅም የለውም አልልም። ወረንጦው ጉድ ነበር! ቢያድግልኝ ሰንጢውን ከማተቡ ጎን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እሾህ የወጋውን ሁሉ ይነቅል ጀመር። እግሩን እየጎተተ የሚመጣ ሰው በበዛ ቁጥር የሱ ደረት ይነፋል። ጥርሱን ይጎረጉርበታል፣ ጥፍሩን ይሞርድበታል። ቀፎ ሲቆርጥም በሰንጢው ቢላ የማር እንጀራ ቆርሶ ሳያጥባት አጥፏት ነበር፤ ይህንን ግን ልብ ያለው የለም።

ጓዴ አንድ ሁለቴ መክሮታል። ጓዴ ቁጥብ ሰው ነው፤ የመከረውን አይደጋግምም።

«ስማ ወንድሜ፣ በሬ ይዘህ ስትወጣ አንድ ደህና ስለት ያዝ። ገመድ የሚያመጣው አይታወቅም።»

«ስለት? አያ ጓዴ፣ እኔ እኮ ያለኝ ስለት ብቻ ነው!» ብሎ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን መታ መታ አደረገ።

አንድ ቀን የቢያድግልኝ ተራ ሆነ። ዝናቡ ሌሊቱን ወርዶ መሬቱ ርሷል፤ እርሻ ሲሉት እርሻ ነው። እስከ ረፋዱ አርሶ ሲያበቃ በሬዎቹን ከቀንበር ፈትቶ ማሳው ጠርዝ ላይ ካለ የወይራ ግንድ በቆዳ ጠፍር ገመድ አሰራቸው። ከማሳው በታች ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር አለ፤ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ታቹ ጭቃ ነው። ሊያርፍ ቁጭ እንዳለ እማሆይ ትርንጎ እያነከሱ መጡ። መነኩሲቱ በአገሩ የተከበሩ ናቸው፤ የማያውቃቸው የለም።

«ልጄ ቢያድግልኝ፣ ይህ እሾህ ገደለኝ! ያንተ ወረንጦ ያውቅበታል አሉኝ።»

«ይቀመጡ እማሆይ፣ አሁን ነው የምገላግልዎ።»

ተረከዛቸውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ይፈልግ ጀመር። እሾሁ ጠልቋል። እሱም ከእሾሁ ጋር አብሮ ጠልቋል፤ በሬዎቹን ዘነጋቸው። ወይኖ በዚህ መሀል ቦረቦሩ አፋፍ ላይ የበቀለች አንዲት ለምለም ሳር አይቶ አንገቱን አሰገገ። አንድ እርምጃ ጨመረ። የራሰው አፈር ከእግሩ ሥር ተናደና በሬው ሽርትት ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ ገመዱ ግን አልወረደም።

«ወጣልኝ! እጅህ ይባረክ!» አሉ እማሆይ፤ ወዲያውም ቀና ሲሉ ጮኹ። «ኧረ በሬው! በሬው ታነቀ!»

ቢያድግልኝ ዘሎ ተነሳ። የወይኖ የኋላ እግሮች ጭቃውን እየነኩ ይንሸራተታሉ፤ የፊቶቹ አየር ይረግጣሉ፤ ዓይኑ ፈጥጧል። ገመዱን ሊስብ ሞከረ፤ በሬ በሰው ጉልበት መች ይሳባል? ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ፤ በክብደቱ ጠብቆ ድንጋይ ሆኗል።

«ቁረጠዋ ልጄ!» አሉ እማሆይ።

«እሺ እማሆይ! ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ...»

«ምን ታደርጋለህ?»

«ወረንጦውን እየመለስኩ ነው!»

እንዲያ ተብሎ ተነግሮታላ፤ አንዱ ሳይታጠፍ ሌላው አይከፈትም። ወረንጦውን አስገባና ለጠፍር የሚስማማው የትኛው ይሆን ብሎ አሰበ። መቀስ! ጨርቅም ቆዳም የሚቆርጥ መቀስ ነው። መቀሱን አወጣና አፉን ቢከፍት የጠፍሩን ግማሽ እንኳ አይጎርስም። አጠፈው። መጋዙን አወጣ፤ ሁለቴ ገዝገዝ ሲያደርግ እርጥቡ ቆዳ በጥርሱ ላይ ተጠቀለለና ቀጥ አለ። አጠፈው። ቸኩሎ ሲጎትት ቆርቆሮ መክፈቻው ወጣ። አጠፈው! አጣጥፎ ሲጨርስ ደግሞ ያ የተጠማዘዘው ሽቦ ብቅ አለ፤ ልዩ ጉዳይ የተባለው ይህ ይሆን ብሎ እግዜር ያሳያችሁ ለአፍታ አመነታ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቢላ የለህም?» አሉ እማሆይ እያለቀሱ።

ቢላ! ለካ ቢላም አለው። በጥፍሩ ሊከፍታት ሲል የአራሽ ጥፍር አልቋል፣ ደግሞም ራሱ ሞርዶታል፤ ቢላዋም በማር ተጣብቃለች። በጥርሱ ይዞ ጎተታት፤ ወጣች። ጠፍሩ ላይ አሳርፎ በሙሉ ጉልበቱ ሲጫናት ተመልሳ ታጠፈችና ጣቱ ላይ ተዘጋች።

«ወይኔ ጣቴን!»

ያኔ ቢያድግልኝ እውነተኛ ፍርሃት ፈራ። ጣቱ አይደለም ያስፈራው። ወይኖ ማጓራቱን ትቷል። ዘር ሰሞን ነው፤ የጓዴ ማሳ ገና ግማሹ አልታረሰም፤ ጓዴ ከዚህ ሌላ በሬ የለውም። ነገ በየት በኩል ቀና ብዬ አየዋለሁ አለ በልቡ፤ ገመዱን እንደያዘም ተንበረከከ። እማሆይ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ «ኡ! ኡ! የሰው ያለህ!» እያሉ ይጮኻሉ።

አንጓች ከቦረቦሩ ማዶ በዚያ በተዋሰችው ማጭድ ሳር ታጭድ ነበር። ጩኸቱን ስትሰማ ሳሩን ጥላ፣ ማጭዱን ግን ሳትጥል፣ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች ወጣች። ምን ሆናችሁ አላለችም። ማጭዱን ጠፍሩ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ራሷ ስባ አንድ ጊዜ ሸመጠጠችው። ጠፍሩ ተበጠሰ፤ ወይኖ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ።

ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት። በሬው አይንቀሳቀስም። ቢያድግልኝ ወደ ቦረቦሩ ዘሎ ወርዶ በደማ እጁ የአንገቱን ማነቂያ አላላለት፤ «ወይኖ! ወይኖዬ! አፈር ልብላልህ ተነስ!» እያለ ይለምነዋል። በመጨረሻ በሬው አንድ ከባድ ትንፋሽ ሳበ፤ ሳለ፤ ጆሮውን አራገፈ። አንጓች «ተመስገን!» ብላ መሬት ስማ ተነሳች።

ጓዴ በሩጫ የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። ማንንም ሳያናግር ወርዶ የበሬውን አንገት ዳሰሰ፣ እግሩን ዳሰሰ፣ ዓይኑን አየ። ወይኖ ተነስቶ ሲቆምለት ነው ፊቱን የመለሰው።

«ምን ስትሠራ ነበር?»

«አያ ጓዴ፣ ዝም ብዬ አላየሁትም። የትኛው እንደሚሻል እያየሁ ነበር።»

«የምኑ የትኛው?»

«የስለቱ።»

ጓዴ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሰንጢ አየ፤ ግማሹ ተከፍቷል፣ ግማሹ ታጥፏል፣ ደምና ማር ተቀላቅሎበታል። «የኔ በሬ ነፍሱ ልትወጣ ነው፣ አንተ ታማርጣለህ?» አለው። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም፤ ያ ነው የባሰው። «በል ይበቃናል። ወይኖን ይዤ እሄዳለሁ።»

ቢያድግልኝ አፈረ። እንዲያ አፍሮ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ከጭቃው አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ ጭኖ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ጓዴ ፊት አጎነበሰ። «በድያለሁ አያ ጓዴ። ልጆቼን አስብልኝ። ደግሜ ያለ ማጭድ ብወጣ መሬቱ አያብቅልልኝ።»

«ስለ እመብርሃን ብለህ ማረው» አሉ እማሆይ። «ጥፋቱ የኔም አለበት፤ የኔን እግር ሲል ነው።»

ጓዴ ተቸገረ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ፊቱ ቆሞ እንቢ ማለት በአገሩ ነውር ነው፤ እሺ ማለትም ሆዱ አልፈቀደም። ድንጋዩ ደግሞ ከብዶ ቢያድግልኝን ያንገዳግደው ጀመር። ኋላ ጓዴ ዓይኑ አንጓች ላይ አረፈ፤ ላቧን በክንዷ እየጠረገች ማጭዱን በሳር ትወለውላለች።

«ድንጋዩን ጣለው» አለ። «ካንተ ጋር የነበረኝ መቀናጆ ፈርሷል። ከዛሬ ጀምሮ መቀናጆዬ ከአንጓች ጋር ነው። ወይኖን ስትፈልጉ እሷ ትምጣ፤ ባዶ እጇን ደግሞ አትምጣ።»

«ምን ገዶኝ!» አለች አንጓች። «እሱንም ከበሬዎቹ ጋር አብሬ እጠብቀዋለሁ።»

ጓዴ ሳይፈልግ ሳቀ። ከሳቀ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ቢያድግልኝ ድንጋዩን ጥሎ እፎይ ሲል ጊዜ ያ የተለመደ ልቡ ተመለሰበትና አፉን መያዝ አቃተው።

«ግን እኮ እማሆይ፣ እርስዎ ምስክሬ ነዎት» አለ ጣቱን እየዘረጋላቸው። «መቀሱም መጋዙም ቢላውም፣ ሁሉም ነበረኝ!»

እማሆይ ትርንጎም ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው ጣቱን እያሰሩለት «ነበረህ ልጄ፣ ማን አልነበረህም አለህ፤ ምን ይደረግ፣ ባለ ብዙ ሲያማርጥ ባለ አንድ ይቆርጥ!» አሉት።