መርዶ በግማሽ ዋጋ

አንድ የመጋረጃ ነጋዴ ነበር። አቶ ደርብ ይባላል። ዕቃ ለማምጣት በዓመት ሁለት ሦስቴ ወደ አንድ የዓረብ አገር ይመላለሳል። ስስታም ነው አልልም፤ ለሰርግም ለለቅሶም ያዋጣል። በሽታው ሌላ ነው፤ ቅናሽ ሲያይ ራሱን ይስታል። ስልኩ ላይ ደግሞ ለመንገደኛ የምግብ ቤት ቅናሽ የሚፈልግ አፕ ጭኗል። በዚህ ሰዓት ብትመጣ፣ ይህን ያህል ሰው ብትሆኑ፣ ግማሹን እንተውልሃለን ይላል። ይህ ነውር የለውም። ሰው አገር ምግብ ውድ ነው፤ እኔም ብሄድ እጠቀምበታለሁ። ከወዲሁ ልናገረው፣ ደሜን ያፈላው አፑ አይደለም።

ባለፈው ጉዞው ዋዜማ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ጋሽ ይርዳው ቤቱ ድረስ መጡ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ካረፉ አርባ ቀናቸው ሊሞላ ነው። አንዲት ልጃቸው ዝናሽ እዚያው ዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የእናቷን ሞት አልሰማችም። በደወለች ቁጥር «እማዬን አገናኙኝ» ስትል፣ ጠበል ሄደዋል፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል እያሉ ሲሸነግሏት ከረሙ። በስልክ እንዳይነግሯት ብቻዋን ናት፤ ብትወድቅ ማን ይደግፋታል?

«ደርብ፣ አደራህን» አሉት ጋሽ ይርዳው። «መጀመሪያ ጓደኞቿን ፈልገህ ለነሱ ንገራቸው። ከዚያ ማለዳ ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ እነሱ ከበዋት ትስማ። መንገድ ላይ አግኝተህ እንዳታረዳት።»

«ምን ነካዎት ጋሼ፣ እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?» አለ።

ምነው ልጅ በሆነ!

ሄደ። ዕቃውን ገዛ፣ አስጫነ። ዝናሽ እረፍት የምታገኘው በወር አንድ ጊዜ፣ ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ማታ ነው። ያን ሌሊት የምታድረው ሉባባ የምትባል ጓደኛዋ ከሌሎች ሴቶች ጋር በተከራየችው ክፍል ውስጥ ነው። ልብ በሉ፤ ቤቱ አለ፣ ጓደኞቹ አሉ፣ ማለዳውም አለ። አቶ ደርብ ዓርብ ማለዳ ሄዶ በሩን ቢያንኳኳ አደራው ተወጥቶ ነበር። እሱ ግን ሐሙስ ማታ ሆቴሉ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ አፑን ሲያገላብጥ አንድ የታወቀ የዓሣ ምግብ ቤት አገኘ። ዓርብ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት፣ ግማሽ ዋጋ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበረው፤ አራት ሰው ተቀምጦ መብላት አለበት፣ መጨረሻ ላይም አስተናጋጁ አራቱንም ቆጥሮ ኮዱን ያስገባል።

አቶ ደርብ አሰበ። ለቅናሹ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ለመርዶውም ሰው መሰብሰብ አለበት። ታዲያ ምን ቸገረኝ፣ አለ። ወዲያው ለዝናሽ ደወለ።

«ዝናሽ፣ ደርብ ነኝ፣ ጎረቤታችሁ። ነገ ምሳ ልጋብዝሽ። ሁለት ጓደኞችሽንም ይዘሽ ነይ። ሁለት ግን፤ እንዳይጎድል!»

ልጅቷ ደስታዋን አልቻለችውም። ስድስት ዓመት ለሰው ምግብ ስታቀርብ ስትኖር፣ እስቲ ተቀመጪ ብይ ያላት ሰው አልነበረም። «የሰፈሬ ሰው ነው፣ እናንተንም ጠርቷችኋል» ብላ ሉባባንና ብዙነሽን ይዛ፣ ያላትን ለብሳ መጣች። በእጇ አንድ ፌስታል አንጠልጥላለች።

በሉ። ዓሣው መልካም ነበር፣ አልዋሽም። መጠጥ ግን አላዘዘላቸውም፤ ቅናሹ መጠጥን አይጨምርም። ሴቶቹ ሲያጫውቱት እሱ «እሺ፣ እሺ» እያለ ዓይኑን ከሰዓቱ አይነቅልም። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዝናሽ ፌስታሉን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይህን ለእማዬ ይስጡልኝ። ጉልበቷን ያማታል፤ ቅባት ነው። ይኼ ደግሞ ሹራብ ነው፣ ለክረምቱ።»

እስቲ ሰው የሆነ ሁሉ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ፌስታሉን ይቀበላል። «እሺ ልጄ» ይላል። ሉባባን ዞር አድርጎ በጆሮዋ ይነግራታል። የዚያን ዕለት ለዝናሽ የእናቷን ነገር ባያነሳ ማን ይጠይቀዋል? አቶ ደርብ ግን አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ እንደቀረው አየ፤ ይህን ሁሉ ሰው ሁለተኛ ከየት ይሰበስባል? እጁን አንስቶ ሂሳብ እንዲያመጣ አስተናጋጁን ጠራው፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ዝናሽ፣ እንግዲህ በርቺ። እናትሽ ካረፉ አርባ ቀናቸው ነው።»

ዝናሽ ጮኸች፤ ከወንበሯም ወደቀች። ሉባባ አነሳቻትና «ውሃ! ውሃ አምጡ!» አለች።

«የታሸገውን እንዳያመጡ» አለ አቶ ደርብ፤ «እሱ ቅናሽ የለውም።»

ወይ ጉድ! ይህን በስልክ የነገረችኝን ብዙነሽን ሦስቴ ደግመሽ ንገሪኝ ብያታለሁ፤ ማመን አቅቶኝ ነበር። ውሃውን ያመጣው ቋንቋችንን የማያውቀው አስተናጋጅ ነው፤ የታሸገውን፣ ሳይጠየቅ፣ ከራሱ።

ሴቶቹ ዝናሽን ደግፈው ሊያወጧት ሲነሱ አቶ ደርብ ከፊታቸው ቆመ።

«ቆዩ እንጂ! አምስት ደቂቃ ብቻ! አራት ሰው ካልተቆጠረ ቅናሹ ይሰረዛል። ትንሽ አስቀምጧት።»

«አቶ ደርብ» አለች ሉባባ፣ «ይህቺን ልጅ የጠራሃት ልታረዳት ነው ወይስ ቁጥር ልታሟላባት?»

«ሁለቱም ተገናኙልኝ እንጂ ምን አጠፋሁ? ሰው ሰብስብ ተባልኩ፣ ሰበሰብኩ። ምሳም አበላኋችሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ሉባባ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ደረጃ ስታጥብ ያገኘችውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«እንካ። የሦስታችን ሙሉ ዋጋ ነው። አንተ ያበላኸን ምንም የለም፣ አልበላንልህም» አለችው። ይዘዋት ወጡ።

አቶ ደርብ ግን አፍሮ አንገቱን የደፋ እንዳይመስላችሁ። አፑ «መስተንግዶው እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው አንድ ኮከብ ብቻ ሰጥቶ፣ ቅናሽ ይከለክላሉ ብሎ ጻፈ። አገሩም ሲገባ ለጋሽ ይርዳው «አርድቻታለሁ፣ ሰው ባለበት ነው» አላቸው። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ሉባባ ያን ዕለት ማታ ለዝናሽ አሠሪ ደውላ ለመነች፤ አንድ ሌሊት ተፈቀደላት። ከዚያ በስልክ ለምታውቃቸው ሁሉ ነገረች። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ አሥራ አንድ ሴቶች እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ሾልከው የመጡ ናቸው፤ ዝናሽን ከዚያ በፊት አይተዋት የማያውቁም ነበሩበት። ሉባባ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ትናንት የሰማሽውን ተይው። እሱ መርዶ አይደለም። አሁን እኛ እንንገርሽ» አለቻት። «እናታችን ጥሩዬ አርፈዋል።»

ዝናሽ ታውቃለች። ሌሊቱን በሙሉ ስታለቅስ ነው ያደረችው። ቢሆንም ገና ያኔ እንደ ሰማች ሁሉ «እማዬ!» ብላ ጮኸች፤ አሥራ አንዱም አብረዋት ጮኹ፣ ወይዘሮ ጥሩዬን አንዳቸውም ሳያውቋቸው። ሰዓት ያየ የለም። ከመካከላቸው አርፍደው ሥራ ገብተው የተሰደቡ አሉ፤ ከደመወዟ የተቆረጠባትም አለች።

ወገኖቼ፣ ቆጥቡ። አፑንም ጫኑ፣ ቅናሽም ፈልጉ፤ ላባችሁ ነው። ነገር ግን የሰው ኀዘን በአደራ ሲሰጣችሁ የራሳችሁን ትርፍ አትቀላቅሉበት። ሰውን ጠርታችሁ ከጎናችሁ ስታስቀምጡ እሱን ብላችሁ ይሁን እንጂ ወንበር እንዲሞላላችሁ አይሁን። የተጠራ ሰው ለምን እንደተጠራ ሳያውቅ አይቀርም፤ ቢዘገይም ያውቃል፣ ካወቀ በኋላም አይረሳውም። ደርብን የመሰለ ሰው በየሰፈሩ አለና አንብቡለት። እሱን ከመፈለጋችሁ በፊት ግን ለራሳችሁ አንድ ጥያቄ መልሱ፤ በቅርቡ «ልጋብዝህ» ብላችሁ የጠራችሁት ሰው፣ ባይመጣ ኖሮ የሚጎድላችሁ እሱ ነበር ወይስ ቁጥሩ?