ዝናቡን የተሰረቀው ገበሬ

አንድ ደርሰህ የሚባል ገበሬ ነበር። በመንደሩ የእሱን ያህል የኩበት ክምር ያለው ሰው አልነበረም። ከብቶቹ የጣሉት እበት ሁሉ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆና ተከምሮ ከቤቱ ጣሪያ ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። እንግዳ ሲመጣ ደርሰህ መጀመሪያ የሚያሳየው ልጆቹን ሳይሆን ክምሩን ነበር።

ከእሱ ማሳ ግርጌ የሚያርሱት እትዬ እንጉዳይ ግን የበረታቸውን ፍግ አበስብሰው መሬታቸው ላይ ይበትናሉ። ደርሰህ በዚያ ሲያልፍ አፍንጫውን በጋቢው ይሸፍናል።

«እትዬ፣ ለመሬትም ቁርስ ያበላሉ እንዴ?» ይላቸዋል።

«ምሳም እጨምርለታለሁ» ይሉታል ቀና ሳይሉ።

ክረምት ገባና ደርሰህ ጤፉን ዘራ። በማግስቱ የጣለው ዝናብ ላይ ላዩን ተንሸራቶ ዘሩን ከነአፈሩ ይዞት ሄደ። ቁልቁል ቢከተለው እትዬ እንጉዳይ ማሳ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ። ከሳምንት በኋላ ጭራሽ ጤፉ ባቄላቸው መሃል በቅሎ አገኘው። ጎታው ውስጥ የቀረው ዘር አንዴ ብቻ የሚዘራ ነበር። እሱም ከታጠበ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ደርሰህ ፈራ። ሲፈራ ደግሞ ሰው መክሰስ ይወዳል።

«እትዬ እንጉዳይ ዝናቤን ሰርቀውኛል» ብሎ ለሽማግሌው ለአያ ልመንህ አመለከተ።

አያ ልመንህ አልሳቁም። ሁለት እንስራ ውሃ አስቀድተው ማሳው ድረስ ሄዱ። አንዱን በደርሰህ ማሳ ላይ ሲያስደፉት ውሃው እየተንደረደረ ወርዶ የገዛ ጫማቸውን አራሰው። ሁለተኛውን ከታች በእትዬ እንጉዳይ ማሳ ላይ አስደፉት። እዚያው ሰመጠ።

«ይኸው፣ ዐይናችን እያየ መሬታቸው ዋጠው» አለ ደርሰህ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከሁለቱም ማሳ አፈር ዘገኑ። የደርሰህ እንደ ገል ደርቋል። የእትዬ እንጉዳይ እጃቸው ላይ ፍርፍር አለ፤ ትልም ይርመሰመስበታል።

«ደርሰህ እውነቱን ነው፣ ተሰርቋል» አሉ። «ሌባው ግን እንጉዳይ ሳትሆን ፍጉ ነው። አፈሩን አላልቶ ውሃውን ወደ ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። ስለዚህ ሌባው ለተበዳዩ ተላልፎ ይሰጥ። ደርሰህ፣ ራስህ ተሸክመህ ውሰድና ማሳህ ውስጥ እሰረው።»

የረታ ሰው ይግባኝ አይልም። ደርሰህ በጠራራ ፀሐይ ፍግ በቅርጫት ተሸክሞ ሽቅብ ሲመላለስ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለው ነበር። ከአፈሩ ጋር አርሶ ቀላቀለውና የመጨረሻ ዘሩን ዘራ። ዝናቡ ሲመጣ ጋቢውን ተከናንቦ ማሳው ዳር ቆመ። ፍግ ያልደረሰበት ጥግ እንደ ልማዱ ታጠበ። ፍግ የጠገበው ግን ውሃውን ጠጣው፤ ዘሩም ከቦታው አልተነቃነቀም። ደርሰህ ደስታው ሞልቶ አለቀሰ። ማልቀሱን ግን ዝናብ ነው ብሎ ካደ።

ዝናብ ለላይኛውም ለታችኛውም ማሳ እኩል ይወርዳል። የሚጠቅመው ግን ማስገቢያ ላዘጋጀለት ነው። ምክርም፣ ፍቅርም፣ ዕድልም እንዲሁ ናቸው። ደረቅ ልብ ላይ ሲወርዱ ተንሸራተው ጎረቤት ቤት ይገባሉ፤ እኛም ሌባ ፍለጋ እንነሳለን። እርስዎስ ሰሞኑን ማንን ሊከሱ አስበዋል? ከመክሰስዎ በፊት የራስዎን አፈር ዘግነው አይተውታል?