ያበጠችው የወንጌላዊው ባትሪ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ለእንግዳ የማትሰስት፣ ካለችው ደግሞ ንቅንቅ የማትል። ባሏ ለንጫሞ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሰዉ መጠኑ የተለያየ ሊቲየም ባትሪ እየያዘ ሲመጣበት፣ ከተጣለ ላፕቶፕ ዕቃ ለቃቅሞ አንዲት ቻርጀር ሠራ። ሁለት ባትሪ ትይዛለች፤ ለየባትሪው የኃይሉን መጠን የሚወስን ማዞሪያ አላት። ትንሽ ባትሪ ከሆነ ዝቅ፣ ትልቅ ከሆነ ከፍ። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

አንድ እሑድ ጠዋት ለንጫሞ ለቅሶ ሊደርስ ተነሣ።

“አመለወርቅ፣ ማዞሪያዎቹን አስተካክያለሁ። እባክሽ እጅሽን ሰብስቢ።”

እጅሽን ሰብስቢ! ለእሷ!

ገና ከበር ሳይርቅ ሄዳ አየች። በአንዱ በኩል የወንጌላዊ ጡሚሶ የማይክ ባትሪ አለች፤ አውራ ጣት ታህላለች። ወንጌላዊው ከሩቅ የመጡ እንግዳ ናቸው፤ ድምፃቸው ቀጭን፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ይጠብቃቸዋል። እሳቸውን አሳምሮ የማስተናገድ አደራ ደግሞ የአመለወርቅ ነው። በሌላው በኩል የሎባንጎ ባትሪ፣ ጡብ የሚያህል። ሎባንጎ ማነው? ቀን መናኸሪያ ተሳፋሪ ሲጣራ ውሎ፣ ማታ ጠጅ ቤት የሚያመሽ።

የሎባንጎ ማዞሪያ ከፍ ብሏል። የወንጌላዊው ዝቅ።

“ለሰካራም እየተንዶለዶለ፣ ለእግዚአብሔር ሰው ጠብታ?” አለች። “እንግዳ እንዲህ ነው የሚከበር?”

ማዞሪያዎቹን አገላበጠቻቸው፤ የወንጌላዊውን ከፍ፣ የሎባንጎን ዝቅ። ወንጌላዊውን እንደ ሙሽራ አጎረሰቻቸው።

ወጥ አማስላ ስትመለስ ሽታው ተቀበላት። ባትሪዋ እንደ አምባሻ ተነፍታለች! ሶኬቱን ነቅላ፣ በመቆንጠጫ ይዛ አመድ ላይ ወረወረቻት።

ለንጫሞ ደረሰ። “ምን አደረግሽ?”

“አከበርኳቸው!”

“ሴትዮ፣ ባትሪ ክብር አያውቅም! የሚያውቀው ሆዱን ነው!”

ከሰዓት በኋላ ወንጌላዊው ያለ ማይክ ቆሙ። ቢናገሩ የፊተኛው ረድፍ እንኳ አልሰማም። ሰው ልብሱን እያራገፈ መነሣት ጀመረ። አመለወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይሄኔ ከኋላ፦

“እትዬ አመለወርቅ! ባትሪዬ ላይ ጠብ አላለም እኮ!”

ሜዳው ሁሉ ዞረ። ሎባንጎ ነው፣ ባትሪውን ታቅፎ። ያ ድምፅ!

አመለወርቅ ክንዱን ይዛ እየጎተተች ወንጌላዊው አጠገብ አቆመችው።

“የሚሉትን እየተቀበልክ ጩኽ!”

“እኔ?”

“አንተ! አፍህን ዛሬ ለቁም ነገር ክፈተው!”

ወንጌላዊው በቀጭን ድምፃቸው፣ “ወደ እግዚአብሔር ተመለሱ” አሉ።

“ወደ እግዚአብሔር ተመለሱ!” አለ ሎባንጎ። ከሜዳው ዳር ዋርካ ላይ ወፎች ተነሡ። “ግቡ፣ ግቡ! ሁለት ሰው የቀረው!”

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሊሄድ የነበረውም ተመልሶ ተቀመጠ። ወንጌላዊው ራሳቸው እንባቸውን እየጠረጉ፣ “ያላልኩትን ጨመረ፤ ግን ልክ ነው” አሉ።

አመለወርቅ ዛሬም፣ “እኔ ያከበርኩ ነኝ” ትላለች። ተዉአት። እናንተስ?

እናንተ ማዞሪያውን የምታዞሩት ምን አይታችሁ ነው? ኮት አይታችሁ? ማዕረግ አይታችሁ? ታላቅ የምትሉትን ሰው በሸክም ላይ ሸክም፣ በምስጋና ላይ ምስጋና ትሞሉታላችሁ፤ ሲያብጥ ደግሞ፣ “ምነው ታበየ?” ትላላችሁ። ማን ነፋው? እናንተ አይደላችሁም?

ያንን ከቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የቆመውንስ? ሽታው ያስጠላችሁን? ባዶ ነው ትሉታላችሁ። አዎ፣ ባዶ ነው። ከዓመት ዓመት ጠብታ እየሰጣችሁት በምን ይሙላ?

ስትወጡ ታገኙታላችሁ። እንዳታልፉት።