እመት ንብ ቤት ልትሠራ ስታስብ

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ መጠየቅ የማይሰለቻት እመት ንብ ነበረች። ልጆቿ ብዙ ናቸው፤ ቤቷ ግን የራሷ አልነበረም። የምትኖረው አያ ደምለው በሚባል ንብ አርቢ ቀፎ ውስጥ፣ በኪራይ ነበር።

ኪራዩ ምን ይመስላችኋል? ማር ነው። አያ ደምለው ቀፎውን ይሠራል፣ በእበት ይመርጋል፣ ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ማር ሲቆርጥ ከኋላ ያለውን ይወስድና ከፊት፣ በመግቢያው በኩል ያለውን አይነካም። ከፊት ያለው ልጆቿ የሚያድጉበት፣ ክረምቱንም የሚበሉት ነው። ውላቸው ይኸው ነበር፤ አያ ደምለውም አፍርሶት አያውቅም።

አንድ ዓመት ታዲያ ልጆቿ አጉረመረሙ። እስከ መቼ ለሰው እንገብራለን፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ እንቢ ካልሽ እኛ ወጥተን የራሳችንን እንሠራለን አሏት። እመት ንብ ጨነቃት። ለሁለት ከተከፈሉ ክረምቱን የሚዘልቅ አይኖርም። እስኪ ቤት ያላቸውን ልጠይቅ ብላ በረረች።

ሄደች፣ ሄደች፣ ኤሊን አገኘች። የራስ ቤት እንዴት ነው ብትላት፣ ደግ ነው፣ ግን እንግዳ አስገብቼ አላውቅም አለቻት።

ሄደች፣ ሄደች፣ ጎጆ ሠሪውን ወፍ አገኘች። እሱ ምስኪን ሣር እየጎነጎነ ነበር። ሠርቼ ጨርሼ ሚስቴ አልወደደችውም፣ አፍርሼ እንደገና ልጀምር ነው አላት።

ሄደች፣ ሄደች፣ ኩይሳው ጋ ደረሰች። ኩይሳ የምስጥ ቤት ነው፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ግድግዳው እንደ ድንጋይ ነው። እመት ንብ ቀናች፤ ምን ይደበቃል!

«እመት ምስጥ፣ እስኪ ውጪና ልይሽ» አለቻት።

«መውጣት አልችልም» አለች ምስጥ ከውስጥ። «ቤቱ ሲሠራ ቀጭን ነበርኩ። አሁን ወፍሬ በሩ አያሳልፈኝም።»

«ጎርፍ ቢመጣስ?»

«ይህን የሚያህል ቤት እያለኝ ጎርፍ ምን ያደርገኛል?»

እመት ንብ ነገሩን እያሰላሰለች ስትመለስ፣ ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ቀፎው የተሰቀለበትን ዛፍ ነቅሎ ወሰደው። ልጆቿ ግን ግር ብለው ወጥተው ከወንዙ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ሰፈሩ። እናትየው መትረፋቸውን አይታ ወደ ኩይሳው ገሰገሰች። ውሃው ከሥር እየገባ ነው።

«እህቴ፣ ውጪ!»

«በየት በኩል?» አለች ምስጥ።

ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልተሰማም። እመት ንብ አለቀሰች።

ስትመለስ አያ ደምለው ከአፋፉ ላይ ሌላ ቀፎ ሰቅሎ፣ በጥሩ ሽታ አጥኖ ይጠብቃል። ማራችሁን ጎርፍ በልቶባችኋል፣ ዘንድሮ አልቆርጥም፣ ግቡ አላቸው። ያጉረመረሙት ልጆች ቀድመው ገቡ።

አያችሁ ልጆቼ፣ የራስ ቤት ክፉ ነው አላልኩም፤ ኪራይም ባለቤቱ ውል አፍራሽ ከሆነ መከራ ነው። ቤት ስትመርጡ ግን የማን ነው ብቻ አትበሉ። ሲፈርስ ማን ይጠግነዋል፣ ክፉ ቀን ሲመጣስ በሩ ያሳልፈናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ አፌን በማር አብሱልኝ።