ዱካውን በጭራው የሚጠርገው ቀበሮ

አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ሚስቱን ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጦ ይኖር ነበር። እመት ቀበሮ ካገባች ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ከደጅ ወጥታ አታውቅም። ሦስቱን ሴቶች ልጆቿንም የወለደችው እዚያው ጨለማው ውስጥ ነው።

«ውጪ ጅብ አለ። የምትበዪውን እኔ አመጣልሻለሁ፤ ምን ጎደለሽ?» ይላታል ባሏ።

እውነትም የሚበላ አልጎደለባትም። ቀበሮው ግን ብልጥ ነውና፣ ጠዋት ሲወጣ ዱካውን በጭራው እየጠረገ ይሄዳል።

«ይሄስ ለምንድን ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«ጅቡ ዱካዬን ይዞ እንዳይመጣ ነዋ።»

«ጅብ የሚከተለው ሽታ አይደለም እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ከጉድጓድ ሳትወጪ ስለ ጅብ ልታስተምሪኝ ነው?» ብሎ ሳቀባት።

ከዕለታት በአንዱ ቀበሮው ገደል ሥር ቆቅ ሲያባርር ድንጋይ ተንዶ እግሩን ያዘው። ቢጎትት አልለቅ ሲለው ሚስቱን እየተጣራ ጮኸ።

እመት ቀበሮ ሰማችው። ልጆቿን «እዚሁ ጠብቁኝ» ብላ ወጣች። ብርሃኑ ዓይኗን ወጋው። ጩኸቱ ከየአቅጣጫው ያስተጋባል። ዱካውን ብትፈልግ መሬቱ ተጠርጓል። በአጠገቧ አንዲት አሮጊት አህያ ሣር ትግጣለች።

«እመት አህያ፣ ባሌ የሚጮኸው በየት በኩል ነው?»

«ከገደሉ ሥር ነው እንጂ፣ ልጄ።»

«ገደሉስ የት ነው?»

አህያዋ ማኘኳን አቁማ አየቻት። «ቁልቁል ወርደሽ፣ ሾላውን አልፈሽ።»

«ሾላ የትኛው ነው?»

«አይ ልጄ» አለች አህያዋ። «ጀርባዬን ጭነት ልጦታል፤ መሮጥ አልችልም። ግን ነይ፣ ተከተይኝ።»

ጩኸቱን ጅብም ሰምቶ ቀድሞ ደረሰ።

«አያ ጅቦ፣ እኔ ቆዳና አጥንት ነኝ። ከዚያ ጉብታ ማዶ የሞተ በሬ አለልህ» አለው ቀበሮው።

ጅቡ እየተንገበገበ ሄደ። ጉብታውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ተመልሶም «በሬው የለም፤ እንግዲያው አንተን ልብላ» አለ። ቀበሮው በብልጠቱ ያገኘው ጊዜ፣ ሚስቱ መንገድ ስትጠይቅ አለቀ።

የአህያዋ ኮቴ ሲሰማ ጅቡ ባለቤቷ ዱላ ይዞ የመጣ መስሎት ሸሸ። ቀበሮው ግን ሆዱ ተዘርግፎ ነበር።

«ለምን ዘገየሽ?» አላት።

«ስትጠራኝ ወዲያው ነው የወጣሁት። መንገዱን አላውቀውም።»

ቀበሮው «እንግዲህ መንገዱን ልጆቹ ይወቁት» አለና ትንፋሹ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት እመት ቀበሮ ልጆቿን አስከትላ ወጣች። ወንዙን፣ ሾላውን፣ ገደሉን አሳየቻቸው።

«ጅብ ቢመጣስ?» አለች ትንሿ፣ ከእናቷ ሆድ ሥር ተሸጉጣ።

«ይመጣል። በየት እንደምትሸሺ ነው የማሳይሽ» አለቻት።

ከዚህ የምንማረው ፈጣሪ እንድትሄድበት እግር የሰጣትን ሴት «ለአንቺው ብዬ ነው» እያልን ቤት ብንዘጋባት፣ በጨነቀን ቀን የሚደርስልንንም ሰው አብረን እንደዘጋንበት ነው።